ደህና ናት ብል ማን ይመነኝ

ስለ ስልክ ማውራት ደክሞኛል። በመምህራን ማረፊያ ክፍል አንዱ «ስልኬ እኮ…» ብሎ ሲጀምር ሻዬን ይዤ ወደ ውጭ እወጣለሁ። ኩሩ ናት፣ ሰው አትወድም ብለው ያሙኛል አሉ። ይሙኝ። የኔን ነገር ቢያውቁ አብረውኝ ይወጡ ነበር።

ሦስት ስልክ ነው የገዛሁት፤ ባንድ ቀን፣ ካንድ ሱቅ፣ አንድ ዓይነት። አንዱ ለኔ፣ አንዱ ለእናቴ፣ አንዱ ለታናሽ ወንድሜ። ብልጥ መሆኔ ነበር። ቻርጀሩ አንድ ይሆናል፤ አንዱ ሲቸግረው የሌላውን ይሰካል። እናቴ ግራ ሲገባት ደግሞ የኔን ስልክ ፊቴ አድርጌ «ከታች በቀኝ በኩል ያለውን ንኪው» እያልኩ እመራታለሁ ብዬ አሰብኩ። ሻጩም «ዋስትና አለው፣ አንድ ዓመት ሙሉ» ብሎ ካርዶቹን በሁለት እጁ አቀበለኝ። ሦስት አንድ ዓይነት ስልክ ሲታመም ሦስቱም ባንድ በሽታ እንደሚታመሙ ያኔ አልመጣልኝም።

ወንድሜ አይሰማም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው። በልጅነቱ እኛ አካባቢ ለእሱ የሚሆን ትምህርት ቤት ስላልነበረ ማንበብም አልተማረም፤ የአናጢ ሜትር ላይ ያሉትን ቁጥሮች ግን ከኔ ይልቅ እሱ ያውቃቸዋል። መራዊ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ይሠራል፤ በቆጋ ውሃ ሽንኩርትና ድንች የሚያለሙት ገበሬዎች በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን የሚያሠሩት እነሱ ጋ ነው። እናቴ ከቡሬ ወደ ውስጥ ገባ ባለ ገጠር፣ በተወለድንበት ቤት ትኖራለች። እኔ ፍኖተ ሰላም አስተምራለሁ። ሦስታችንም ባንድ መንገድ ዳር ነን ማለት ይቻላል፤ መንገዱ ሲኖር።

በቤታችን የምንነጋገርበትን የእጅ ምልክት ማንም አላስተማረንም። እናቴና ወንድሜ እየተናደዱም እየተሳሳቁም የፈጠሩት ነው። «እናት» ማለት አንገትን በጣት ማስኬድ ነው፤ የንቅሳቷ ቦታ። እኔ የጆሮ ጫፍ ነኝ፤ በልጅነቱ ጆሮውን እየቆነጠጥኩ ፍዳውን ስላሳየሁት ስሜ በዚያው ቀረ። አባታችን ጢም መጠምዘዝ ነበር። «ደህና» ሲባል ደረትን በመዳፍ መታ መታ ማድረግ ነው። ይህን ቋንቋ የምናውቀው እኛ ብቻ ነን፤ ወንድሜ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ባሕር ዳር ውስጥ ሲያወሩ አይቶ እንደኛው ግራ ተጋብቶ ነው የተመለሰ።

ስልኮቹ የገቡ ሰሞን ግን ምን ልበላችሁ፣ ቤታችን ሠርግ ነበር። እናቴ እሁድ ከቅዳሴ ስትወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለችው ጉብታ ትሄዳለች፤ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ነው። ስልኩን የባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ ታስደግፍና ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ በእጆቿ ታወራለች። ከቅዳሴ የሚመለሰው ሰው ቆሞ ያያታል፤ ብቻዋን እጇን እያወናጨፈች ከጉቶ ጋር የምትጣላ መስሎት። የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ «ምን ነካት ይቺ ሴት?» ብለው ሊያዩ መጡ። ወንድሜን በስክሪኑ ሲያዩት ሳቁ፤ መስቀላቸውን አውጥተውም ስክሪኑን አሳለሙት። እሱም መራዊ ሆኖ የራሱን ስልክ ሳመ። እናቴ ይህን ስትነግረኝ እንዴት እንደ ሳቀች አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ዋስትናው ካለቀ ብዙም ሳይቆይ ስልኬ «አዲስ ማሻሻያ መጥቷል» አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ ከማለት ሌላ ምን አውቃለሁ? በማግስቱ ስክሪኑ ላይ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ መስመር ወረደ። ጠረግኩት፤ አልጠፋም። ከሰነበተ በኋላ ጎኑ ላይ ሌላ መስመር መጣ። ከዚያ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እያለሁ ጨለመ፣ ጨለመ አለና ቀረ። ሲደወል ይጮሃል፤ ፊቱ ግን ጥቁር ነው፣ ቢነኩትም አይሰማም።

ከተማችን ውስጥ ሞባይል የሚጠግነው ሰውዬ ገና ከቦርሳዬ ሳወጣው «ውይ! ይሄኛው!» አለ። መሳቢያውን ስቦ አሳየኝ፤ የኔን የሚመስሉ ሞልተውበታል፣ ሁሉም ጥቁር።

«ዲስፕሌዩ ነው» አለኝ። «ዕቃው የለም። ኩባንያው ለዚህ ሞዴል መለዋወጫ መሥራት አቁሟል። አዲስ አበባም ቢገኝ ከሌላ ከሞተ ስልክ የተፈታ ነው፤ እሱም ነገ ይጨልማል።»

«ማሻሻያውን እሺ ባልለው ኖሮስ?»

«ተይኝ እባክሽ እህቴ» አለና የራሱን ስልክ ከኪሱ አወጣ። አረንጓዴው መስመር መሀሉ ላይ ወርዷል። «እኔስ እሺ ብዬው አይደል?»

ከአሮጌ ዕቃ መሀል ያገኘኋትን ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ይዤ አምራቹ ኩባንያ አዲስ አበባ ወዳለው የደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። መጀመሪያ ሙዚቃ አለ። ያን ሙዚቃ አሁን ለቅሶ ቤት ቢዘፍኑት አውቀዋለሁ። ከስንት ጥበቃ በኋላ አንዲት ድምፀ መልካም ልጅ አነሳች። ሁሉን ነገርኳት።

«የስልክዎ የዋስትና ጊዜ አልፏል» አለችኝ።

«አውቃለሁ። ግን ያበላሸው እናንተ የላካችሁት ማሻሻያ ነው።»

«ተረድቼዎታለሁ። ሆኖም ይህ ሞዴል የሶፍትዌር ድጋፉ ያበቃ በመሆኑ…»

«እንዴ! ድጋፉ ካበቃ ማሻሻያውን ማን ላከው?»

የሆነ ነገር ስትጫን ይሰማኛል። «የመጨረሻው ነበር» አለችኝ።

የስንብት መሆኑ ነው። ስልኩን ይዤ በአካል ብሄድ «እንደሚታይልኝ» ነግራኝ፣ በአገልግሎቱ ምን ያህል እንደ ረካሁ ከአንድ እስከ አምስት ባለው ቁጥር እንድመልስ ጠየቀችኝ። ዘጋሁት። ስልኩን ግን ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሰጥቼ ላክሁት፤ ተስፋ መቁረጥም ጊዜ ይፈልጋል። እስካሁን እየታየ ነው።

የእናቴም ተከተለ፤ የወንድሜ ብቻ ገና አልጨለመም። የነገረችኝ በጎረቤታችን ስልክ ደውላ ነው፤ ጎረቤታችን ባላቸው የሞተባቸው ደግ ሴት ናቸው፣ እንደኔው ባለ ቁልፍ ስልክ አላቸው።

«ስልኩ ዓይኑ ጠፋ» አለችኝ እናቴ። «ይጮሃል፣ አያይም። የወንድምሽ ተቃራኒ ሆነ።»

«ንኪው እስኪ።»

«ስንቴ ነካሁት! እሁድ ጉብታው ላይ ይጮሃል፣ እሱ ነው የሚደውለው፣ ሌላ ማን ይደውልልኛል? ጣቴን ወዲያ ሳብኩ፣ ወዲህ ሳብኩ። ይጮህ ይጮህና ዝም ይላል። ደግሞ ይጀምራል። ልጄ፣ ጉቶው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።»

በሰፈሩ ሌላ ስክሪን ያለው ስልክ የነበረው የአንድ ጎረቤት ልጅ ነበር፤ እሱ ከነስልኩ ቡሬ ገብቶ በዚያው ቀርቷል። እኔ ራሴ ስልክ ከሰው ለምኜ እናቴ ጋ እሄዳለሁ ብዬ ሳስብ መንገዱ ተዘጋ። መንገድ ሲዘጋ ለምን፣ በማን፣ እስከ መቼ ብሎ መጠየቅ እዚህ ቀርቷል። መኪና የለም ይባላል፤ ቤትህ ትቀመጣለህ። ዘይት ይጠፋል፣ ከደምበጫ የሚመጣው ዕቃ ይቀራል፣ ትምህርት ቤቱ አንዳንድ ቀን ይከፈታል አንዳንድ ቀን አይከፈትም። ለምደነዋል ማለት አልፈልግም። ደክሞናል።

የእናቴን ድምፅ ግን በጎረቤታችን ስልክ እሰማ ነበር። ትስቃለች፣ ትቆጣለች፣ በርበሬው እንዴት እንደ ደረሰ ትነግረኛለች። ለኔ ይህ በቂ ነው። ለወንድሜ ግን ድምፅ ምኑ ነው? እናቱ በሕይወት መኖሯን የሚያውቀው በዓይኑ ሲያያት ብቻ ነው፤ እሷን የምታሳየው ስልክ ደግሞ ጉቶ ላይ ጥቁር ሆና ቀርታለች።

የወንድሜ አሠሪ ጋ ደወልኩ። ሸምገል ያሉ፣ አምላክን የሚፈሩ ሰው ናቸው፤ ከወንድሜ ጋር ስለ እንጨትና ስለ ምሳ በምልክት ይግባባሉ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ለወንድሜ ይንገሩልኝ። እናታችን ደህና ናት፤ የተበላሸው ስልኳ ነው።»

ድምፃቸው ተለወጠ። «መቼ ነው?»

«ምኑ?»

«እህቴ፣ እኔም ሰው ቀብሬ አውቃለሁ። እውነቱን ንገሪኝ፤ ቀስ ብዬ፣ ሰው ሰብስቤ ነው የማረዳው። ብቻውን አይሆንም።»

«ኧረ ጋሼ በማርያም! ደህና ናት! ትናንት አናግሬያታለሁ!»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አሉኝ፣ እንደሚያባብል ሰው። «አይዞሽ። አንቺም ጠንከር በይ።»

በማልኩ ቁጥር ለሳቸው ይበልጥ እውነት እየሆነ ሄደ። ምን ብዬ እፈርድባቸዋለሁ? እኛ አገር መርዶ እንዲህ ነው። ሞት በስልክ አይነገርም፤ በሰው አፍ ነው፣ በማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ሰው ደህና ነው፤ ቢበዛ «ትንሽ አሞታል»። አባታችን ሲሞት ሽማግሌዎቹ ወንድሜን ያመጡት እንዲያ ብለው ነው። መንገድ ላይ የተሳፈሩት ሁሉ፣ አውቶቡስ ተራ የተቀበሉትም፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ መታ መታ እያደረጉ «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ሲሉት መጡ። ከአጥሩ ደጃፍ ሲደርስ ድንኳኑን አየ። ያን ቀን የማንንም ፊት ማየት አልፈለገም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የዋለው፣ እሱ ዓይኑን ከጨፈነ ደግሞ ማንም ሊያናግረው አይችልም።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው «እናትህ ደህና ናት» የምለው። ፊት ለፊት ካላየኝ አያምነኝም አልኩና የሚሠራ ስልክ ፍለጋ ጀመርኩ። አንዱ ጋ ስልኩ አለ፣ ዳታ የለም፤ ሌላው ጋ ዳታው አለ፣ ባትሪው አልቋል። እንዲህ ስባዝን የሥራ ባልደረባዬ አጎት አረፉ። ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት አዲስ የመሰለ ስልክ ይዛ ልጇን ታያለች፣ ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል። በጆሮዋ ነገርኳት፤ እሷም ደግ ናት፣ «ነይ ውጪ እንውጣ፣ እዚያ በደንብ ይሠራል» አለችኝ። ደጃፉ ላይ ቆመን ስልኩን እሷ ያዘችልኝ፣ እኔ እጆቼን አዘጋጀሁ። ደወልን። አነሳ።

ፊቱን ሳየው ደስታዬ! ከስቷል፣ ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ አለ። ቸኩዬ ጀመርኩ። እናታችን ደህና ናት፣ ስልኳ ነው የጨለመው፣ መኪና ጠፍቶ ነው አልኩት። እሱ ግን እጆቼን አያይም። ዓይኑ ትከሻዬን አልፎ ሄዷል። ምን አየ ብዬ ዞር ስል ድንኳኑ።

ምነው ሸዋ! ራሴን አየሁ። ጥቁር ቀሚስ ለብሻለሁ፣ ነጠላዬን ለቅሶ ላይ እንደሚደረገው ጥለቱን ወደ ላይ ዘቅዝቄ ትከሻዬ ላይ አድርጌያለሁ፣ ፀጉሬ አልተሠራም፣ ዓይኔም ስለ ሰዎች አጎት ስል ትንሽ ቀልቷል። ነጠላውን ከላዬ ላይ ገፍፌ ጣልኩት። ይሄ ደግሞ የባሰ ሆነ፤ በለቅሶ መሀል ነጠላውን የሚጥል ያበደ ሰው ነው። «የኛ አይደለም፣ የሌላ ሰው ነው» ለማለት እጄን ወደ ድንኳኑ ዘረጋሁ። በዚያው ቅጽበት ከገጠር የመጡ ለቀስተኞች ደረታቸውን እየመቱ በጀርባዬ አለፉ። እኔ ድምፃቸውን ሰማሁ፣ እሱ እጃቸውን አየ።

ጣቱን አንገቱ ላይ አስኬደ፣ ከዚያ ዓይኑን ነካ። እናቴን አሳዪኝ ማለቱ ነው። አልችልም አልኩት፣ መንገድ የለም። ሲያየኝ ቆየ። ከዚያ ጢም የሌለውን አፉን በሁለት ጣቱ ጠመዘዘ። እንደ አባባ።

ምስሉ ተቋረጠ። ደጋግመን ደወልን፤ አላነሳም። ስልኩን የያዘችልኝ ሴት ምን እንደ ተባባልን ሳይገባት አብራኝ ማልቀስ ጀመረች፤ የድንኳኑ ሰዎችም ለአጎትየው የተለየ ፍቅር የነበረን መስሏቸው ውሃ አመጡልን።

እንደገና አዲስ አበባ ደወልኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሙዚቃውን ሰማሁ፣ ቁጥሩን ተጫንኩ፣ ሌላ ልጅ አነሳ፣ ወንድ። «ምን ልርዳዎት?» አለኝ።

«እናቴ እንዳልሞተች ለወንድሜ ማሳየት እፈልጋለሁ» አልኩት።

ምስኪን፣ ግራ ገባው። ስለ ሞዴሉ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ድጋፉ ያበቃ ነው አለኝ። የዋስትናው ዘመን አልፏል አለኝ። አዲሱን ሞዴል ብገዛ ቅናሽ እንዳለ ነገረኝ። ቆሽቴ አረረና ጮህኩበት፤ «የሠራችሁት ነገር ሦስት ሰው ነው የለያየ፣ ይገባሃል?» አልኩት። «ይቅርታ እንጠይቃለን» አለኝ፤ የሚያነብ ይመስላል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናትዎ ግን በሕይወት አሉ አይደል?» አለኝ። አሉ አልኩት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ። ይህ ልጅ ከዚያ ኩባንያ ያገኘሁት ድጋፍ ሁሉ ነው፤ ሌላ አላገኘሁም።

ብዙም ሳይቆይ አሠሪው ደወሉ። «እህቴ» አሉኝ፣ «ሄዷል»።

ጠዋት ሥራ ሲገቡ መሣሪያዎቹን ጠርጎ፣ ደርድሮ፣ ጠረጴዛው ላይ ትቶላቸዋል። በሚያድርበት ቤትም የለም። ጎረቤቱ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ጋቢውን ይዞ፣ ወደ ዳንግላ አቅጣጫ በእግሩ ሲሄድ አይቶታል። ከመራዊ ቡሬ በእግር! የመንገዱ ርዝመት አይደለም ያስጨነቀኝ፤ የኛ ሰው መሄድ ያውቃል። እኔን ያስጨነቀኝ አንዲት ቃል ናት። በነዚህ መንገዶች ላይ ሰው ከሩቅ «ቁም!» ይባላል። ከኋላም ይባላል፣ ከቁጥቋጦ ውስጥም ይባላል። የሚሰማ ሰው ይቆማል። ወንድሜ አይቆምም። የሚያስቆመው ሰውም እንቢ ያለ ነው የሚመስለው፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን መጻፍ አልፈልግም።

ጎረቤታችን ጋ ደውዬ ለእናቴ ነገርኳት። ለምን እንደሚመጣ አልነገርኳትም፤ «ናፍቆ ነው፣ ወደ አንቺ እየመጣ ነው» ብቻ አልኳት። «በዚህ መንገድ?» አለችኝና ስልኩን መልሳ ለጎረቤታችን ሰጠቻቸው። እኔም በማግስቱ ወደ ቡሬ ልሄድ በእግሬ ተነሳሁ። ከከተማው መውጫ ላይ «ወዴት ነው?» አሉኝ። እናቴ ጋ። «ተመለሽ!» እኔ ተመለሽ ሲባል የምሰማ ሰው ነኝ፤ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀኖች እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አታስታውሺ ቢሉኝ ደስ ይለኛል። አስተምራለሁ፤ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም። በቡሬ በኩል የመጣ እግረኛ ሁሉ እየቆምኩ እጠይቃለሁ፤ ራሱን የተላጨ፣ ጋቢ የለበሰ፣ ቢጠሩት የማይዞር ሰው አላየህም? አንዱ «እንዲህ ያለ ሰው ቢያጋጥመኝ ዕብድ ነው ብዬ አልፈዋለሁ» አለኝ። ማርያምን ለመንኳት፤ ልመናዬ አጭር ነበር፣ የሚያስቆመው ሰው ፊት ለፊት ይምጣበት፣ እጁን እያወዛወዘ ይምጣበት ነበር የምላት። ሌላ ምንም አልለመንኳትም።

በእረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ ቆሜ ሳለ ትንሿ ስልክ ጮኸች። የጎረቤታችን ቁጥር ነው። አነሳሁ፤ ቃል መጀመር ግን ፈራሁ።

«መጣ» አለች እናቴ።

እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ። «ደህና ነው?»

«እግሩ ቆስሏል። ራበው እንጂ ሰው አልነካውም። አንቺ ልጅ! ምን ብለሽው ነው?» ድምፅዋ ሻክሯል፣ ያለቀሰችበት ነው። «በርበሬ አስጥቼ እየለቀምኩ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ አንድ ጩኸት መጣ። የሱን ጩኸት አገር ያውቀዋል። ሰው እየወጣ አየው፣ ራሱን ተላጭቷል፣ ደረቱን ይመታል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን እየዘቀዘቀ ወጣ። ማን ነው የሞተው? አይታወቅም። ግን ያለቅሳሉ፣ ምን ያድርጉ? እኔም እያለቀስኩ ወጣሁ።»

«አንቺ ደግሞ ማንን ብለሽ?»

«ማንን እላለሁ? አንቺን ነዋ!» አለችኝ። «ካንቺ ሌላ ማን አለኝ እሱ እንዲህ የሚሆንለት? ለካ ያን ቀን 'ናፍቆ ነው' ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም፣ ሌላ ሰው በድምፅሽ ነው ብዬ አሰብኩ። ሰው እኮ ያደርገዋል። ፊቴን ቧጨርኩ ልጄ፣ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ደህና አድርጌ አልቅሼልሻለሁ፤ ከእንግዲህ ብትሞቺ እንደዚያ የማለቅስበት አቅም የለኝም።»

መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። ከልጆቹ አንዱ አይቶኝ ሸሸ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተገናኘን። እኔ ወደሱ ስሮጥ እሱ ወደኔ ሲሮጥ። አየኝ። እንደ ቆመ ቀረ። ለቀስተኛው ሁሉ ዝም አለ። መጥቶ እጄን ያዘኝ። ይኸው እስካሁን።»

«እስካሁን ምን?»

«አልለቀቀኝም። በርበሬውን ጎረቤቶቼ ሰበሰቡልኝ። ይሄን ስልክም ባለስልኳ ጎረቤታችን ናቸው ጆሮዬ ላይ የያዙልኝ። ሁለቱንም እጆቼን ይዞ አጠገቤ ተቀምጧል።»

«ጠይቂልኝ እስኪ» አልኳት፣ «በየት በኩል መጣ? መንገድ ላይ ማን አስቆመው? ይቅርታ አድርግልኝ ብላሃለች በይልኝ።»

«በምን እጄ ልጠይቀው?» አለችኝ። «ከሱ ጋር የማወራው በእጄ አይደል?»

«አስለቅቂው እንግዲያ። አንዱን እንኳ።»

የጎረቤታችን ትንፋሽ ይሰማኛል፣ የዶሮ ድምፅ ይሰማኛል።

«አላስለቅቀውም» አለችኝ።